ከፊል ማደንዘዣ በኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ሕሙማን

ከፊል ማደንዘዣ በኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ሕሙማን ሲባል፣ ቆዳቸው በትንሽ ፍትጊያ የሚላጥና ውሃ የሚቋጥር ሰዎች ቀዶ ሕክምና በሚያስፈልጋቸው ጊዜ፣ ሙሉ በሙሉ እንዲተኙ ሳይደረግ ቀዶ ሕክምናው የሚካሄድበትን የሰውነት ክፍል ብቻ የማደንዘዝ አሠራር ነው። ዋና ዋናዎቹ ዘዴዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በወገብ በኩል በአከርካሪ አጥንቶች መካከል በመርፌ የሚሰጠው የጀርባ ማደንዘዣ (በሆስፒታሎች አጠራር ስፓይናል) ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ እጅ ወይም ወደ እግር በሚሄዱ ነርቮች ዙሪያ የሚሰጠው የነርቭ ማደንዘዣ ነው።

አሠራሩ ለእነዚህ ሕሙማን አይሆንም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታለፍ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ቆዳ በመርፌ መወጋት የለበትም የሚል ፍርሃት ስለነበረ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ወዲህ የተጠራቀመው ልምድ ግን ሌላ ነገር አሳየ፦ የሕመምተኛውን ቆዳ የሚገፈው መርፌው ሳይሆን ከመርፌው በኋላ የሚለጠፈው ፕላስተር ነው። ነጥቡ ትንሽ ቢመስልም እንደ አሰላ ላሉ ከተሞች ትልቅ ትርጉም አለው። የጀርባ ማደንዘዣ የዘወትር ሥራ በሆነበት ሆስፒታል ዋናው ሙያ አስቀድሞ አለ፤ የሚቀየረው በመርፌው ዙሪያ ያለው ልማድ ነው።

በሽታው

ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ (በአጭሩ ኢቢ) የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን በዘር የሚተላለፉ የበርካታ የቆዳ ሕመሞች የጋራ መጠሪያ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1886 የሰጠው ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ሃይንሪኽ ኮብነር ነው። የሰው ቆዳ ላይኛው ድርብና ታችኛው ድርብ የሚያያዙት ከፕሮቲን በተሠሩ ጥቃቅን መልሕቆች ነው። ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱን የሚያዘው ዘረ መል ጉድለት ካለበት መልሕቁ ይላላል ወይም ጭራሹን አይኖርም፤ ድርቦቹም ሲፋተጉ ይለያያሉ፣ በመካከላቸውም ውሃ ይሞላል።

መለያየቱ በሚፈጠርበት ጥልቀት መሠረት በሽታው በአራት ይከፈላል፤ ሲምፕሌክስ፣ ጃንክሽናል፣ ዲስትሮፊክ እና ኪንድለር። ሲምፕሌክስ በብዛት የሚታየውና ቀለል የሚለው ሲሆን፣ አንዳንዱ ሰው በሽታው እንዳለበት የሚያውቀው ረጅም መንገድ ሲሄድ ውስጥ እግሩ ውሃ እየቋጠረ ሲያስቸግረው ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ለመድረስ ብዙ በሚጓዙበት ደጋ አገር ይህ ከጫማ ችግር ተለይቶ ላይታወቅ ይችላል። ከባዱ ከወላጆች በድብቅ የሚወረሰው ዲስትሮፊክ ነው። በዚህኛው ኮላጅን 7 የሚባለው ፕሮቲን ይጎድላል፣ ቁስሉ ጠባሳ እየተወ ይድናል፣ ጠባሳውም በጊዜ ብዛት የእጅ ጣቶችን እርስ በርስ ያጣብቃል፣ አፍን ያጠባል፣ የምግብ ቧንቧን ያጠባል። የደም ማነስና የምግብ እጥረት አብረው ይመጣሉ። ሕመምተኞቹ ወጣት ሳሉ በቁስሉ ላይ የሚነሳ የቆዳ ካንሰርም ዋነኛ ከሆኑ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ብርቅ በሽታ ነው። በአሜሪካ የተካሄደ ምዝገባ በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሚሊዮን ሕፃናት መካከል በሁሉም ዓይነት ተደምሮ 20 ያህሉ እንደሚይዛቸው አሳይቷል። ከባዱ ዲስትሮፊክ እንዲታይ አባትም እናትም፣ ራሳቸው ጤነኛ ሆነው፣ የተበላሸውን ዘረ መል መሸከም አለባቸው፤ ያኔ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ። በአማራውም ሆነ በኦሮሞው ዘንድ ያለው ዘር ቆጥሮ የመጋባት ልማድ እንዲህ ያለውን አጋጣሚ ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም፣ ምክንያቱም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎችም አንድ ዓይነት ጉድለት ሊሸከሙ ይችላሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው በሽታውን ከእሳት ቃጠሎ ጋር ሊያምታታው ይችላል፤ ጣት በተጣበቀበት ደረጃ ደግሞ ከሥጋ ደዌ ጋር። አርሲና አካባቢው ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር የቆየ ትውውቅ አለው፤ በምዕራብ አርሲ ያለው የጋምቦ ሆስፒታል በዚሁ ሥራ የታወቀ ነው፣ በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርትም ዛሬ ከአገሪቱ ዋና ዋና የቆዳ ሕክምና ማዕከላት አንዱ ነው። በሁለቱ በሽታዎች መካከል ግን ለማደንዘዣ ባለሙያው ወሳኝ የሆነ ልዩነት አለ። ሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል፣ አካሉም ይደነዝዛል። በኢቢ ነርቩ ጤነኛ ነው፤ ሕመምተኛው እያንዳንዱን ቁስል ይሰማዋል። ስለዚህም ነርቭ ላይ የሚሠራ ማደንዘዣ በማንኛውም ሰው ላይ እንደሚሠራው በእርሱም ላይ ይሠራል።

ጫናና ፍትጊያ

የዚህ ሕክምና ደንቦች ሁሉ ከአንድ ነገር ይመነጫሉ፦ የኢቢ ቆዳ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጫናን በአንጻራዊነት ይችላል፣ ወደ ጎን የሚጎትት ወይም የሚያንሸራትት ኃይልን ግን አይችልም። በደንብ የተቀቀለ ድንች ጥሩ ምሳሌ ነው። አውራ ጣትን ልጣጩ ላይ ቀጥ አድርገው ቢጫኑት ልጣጩ ባለበት ይቆያል፤ በዚያው ጣት ወደ ጎን ገፋ ቢያደርጉት ግን ሙልጭ ብሎ ይወጣል።

ነገሩ በዚህ ዓይን ሲታይ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አስፈሪና አስፈሪ ያልሆነው ቦታ ይለዋወጣል። መርፌ ቀጥ ብሎ ገብቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የደም ግፊት መለኪያው ከሥሩ ጥጥ ከተጠቀለለ ቀጥ ያለ ጫና ብቻ ነው የሚያሳርፈው። ፕላስተር ግን ሲነሳ ሥራው መጎተት ብቻ ነው፤ ይዞት የሚነሳውም ቆዳውን ነው። በቃሬዛና በአልጋ መካከል ሕመምተኛን በብብት ይዞ መሳብ፣ ቆዳን በአዮዲን ጥጥ ማሸት፣ የካኑላ ማሰሪያውን ክንድ ላይ ጥብቅ አድርጎ ማዞር፣ ማንም ሳያስበው በቀን ብዙ ጊዜ የሚደረጉ ነገሮች ሲሆኑ በኢቢ ሕመምተኛ ላይ ግን እያንዳንዳቸው ለሳምንታት የማይድን ቁስል ይተዋሉ።

ሙሉ ሰመመን ለምን ይከብዳል

በሙሉ ሰመመን ጊዜ ባለሙያው የሕመምተኛውን መንጋጋ በጣቶቹ ወደ ላይ ይዞ ጭንብሉን ፊቱ ላይ መግጠም፣ ከዚያም በአፍ በኩል መሣሪያ አስገብቶ የመተንፈሻ ቱቦ ማሳለፍና ቱቦውን ጉንጭ ላይ ማሰር አለበት። ጉንጩ፣ አገጩ፣ ከንፈሩ፣ ምላሱ፣ ሁሉም ሊላጡ የሚችሉ ናቸው። በከባዱ ዲስትሮፊክ አፍ በጠባሳ ጠብቦ ሁለት ጣት እንኳ ላያስገባ ይችላል፤ ምላስ ከአፍ ወለል ጋር ተጣብቆም ይገኛል።

ሆኖም ሙሉ ሰመመን ለኢቢ ሕሙማን ክልክል ነው ማለት ስህተት ነው። ልምድ ባካበቱ ማዕከላት ሕፃናቱ ለጥርስ፣ ለእጅና ለምግብ ቧንቧ ሕክምና ደጋግመው ይተኛሉ። የአየር ቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ከአፍና ከጉሮሮ ሽፋን የተለየ ስለሆነ በዲስትሮፊክ ኢቢ ብዙውን ጊዜ ሳይጎዳ ይቆያል። በእነዚህ ማዕከላት ግን ጉሮሮን በካሜራ የሚያሳዩ መሣሪያዎችና በሲሊኮን የተሠሩ የማይጣበቁ ልባጦች በእጅ ናቸው። ብዙ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች እነዚህ በበቂ የሏቸውም። ሰመመን የሚሰጡትም በአብዛኛው በሙያው የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙ የሰመመን ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ልዩ ሥልጠና ያላቸው ሐኪሞች ቁጥር አነስተኛ ነው፤ እነርሱም በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ይበዛሉ።

በአርሲ ደጋ ሌላም ነገር ይጨመራል። አሰላ ከጭላሎ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። አገሬው ይህን ለምዶታል፣ ከዚህ ከፍታ የተነሱ ሯጮችም ዓለምን አሸንፈውበታል። የሰመመን መድኃኒት ትንፋሽን ባቆመበትና ቱቦው ገና ባልገባበት ሰዓት ግን በሳንባ ውስጥ ያለው ስንቅ ፈጥኖ ያልቃል። አፉ የማይከፈት ሕመምተኛ ላይ የሚጠፋ እያንዳንዱ ደቂቃ በአሰላ ከባሕር ጠለል ይልቅ ውድ ነው። በጀርባ ማደንዘዣ ሕመምተኛው በራሱ መተንፈሱን ይቀጥላል።

ወደ አዲስ አበባ መላክስ? መንገዱ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀጠሮ ለተያዘለት ቀዶ ሕክምና መላክ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ውሳኔ ነው። ለፈነዳ ትርፍ አንጀትና ለተጨናነቀ ምጥ ግን ሰዓቱ አይበቃም፤ በአምቡላንስ ውስጥ በቀበቶ ታስሮ መንገጫገጭም ራሱ ቆዳውን ይልጣል።

የተከለከለው መርፌ

የጀርባ ማደንዘዣ ታሪክ የሚጀምረው በጀርመኗ ኪል ከተማ ነው። ሐኪሙ አውጉስት ቢር እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1898 ኮኬይንን በወገብ በኩል ወደ አከርካሪ ፈሳሽ በማስገባት ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ ዘዴውን በራሱና በረዳቱ ሂልደብራንት ላይም ሞከረ። የረዳቱ እግር መደንዘዙን ለማረጋገጥ ቅልጥሙን በመዶሻ መምታቱ በሙያው ዘንድ እስከ ዛሬ የሚነገር ነው። ሁለቱም ከሙከራው በኋላ ብርቱ ራስ ምታት ይዟቸው ነበር።

ኮኬይን መርዛማ ስለነበር ቦታውን ሌሎች መድኃኒቶች ያዙ፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በብዛት የሚሠራባቸው ሁለቱ የተገኙት በስዊድን ነው። ሊዶኬይን እ.ኤ.አ. በ1943 በኒልስ ሎፍግሬን፣ ቡፒቫኬይን ደግሞ በ1957። አሰላ ስዊድንን የምታስታውሰው በሌላ ነገር ነው፤ በ1967 በስዊድን ድጋፍ በተጀመረውና ካዱ በተባለው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት፣ ማለትም በስንዴውና በወተት ላሙ። በከተማዋ የቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገኘው ጠርሙስም የዚያው አገር ላቦራቶሪ ሥራ መሆኑ ብዙም አይነሳም።

ለኢቢ ሕሙማን ግን መርፌው ለብዙ ዓመታት ተከልክሎ ቆየ። የተሰጡት ምክንያቶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው መርፌው የተወጋበት ቦታ ውሃ ይቋጥራል የሚል ነው። ሁለተኛው ከቆሰለ ቆዳ ጀርሞች ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ይገባሉ የሚል ነው። ሁለተኛው ስጋት ዛሬም በከፊል እውነት ነው፤ መርፌው በሚገባበት ቦታ ላይ የተመረዘ ቁስል ካለ አይሰጥም። የመጀመሪያው ግን በልምድ ሳይሆን በግምት ላይ የቆመ ነበር። በ1980ዎቹ በኢቢ ሕሙማን ላይ የጀርባ ማደንዘዣ ያለ ችግር እንደተሰጠ የሚገልጹ ጽሑፎች መውጣት ጀመሩ። በ1987 የታተመ አንድ ጽሑፍ ከባዱ ዲስትሮፊክ ኢቢ ላለባቸው 8 ሰዎች በእጅ ነርቮች ላይ ማደንዘዣ ተሰጥቶ የእጅ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገላቸው ዘገበ። እነዚህ በትልቅ ጥናት የተደገፉ አይደሉም፤ በሽታው ብርቅ ስለሆነ ሊሆኑም አይችሉም። የሚታየው ግን አንድ አቅጣጫ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጻፉ መመሪያዎች ከፊል ማደንዘዣን እንደ አንድ ተገቢ አማራጭ ያስቀምጣሉ።

አሠራሩ

ሥራው የሚጀምረው ከአንድ ቀን በፊት፣ ካልሆነም ከሰዓታት በፊት፣ በጥያቄ ነው። ኢቢ ያለበትን ሰው እንዴት ማንሳት እንደሚገባ ከማንም በላይ የሚያውቁት እናቱ ወይም ራሱ ሕመምተኛው ናቸው። የትኛው ቦታ በቅርቡ እንደቆሰለ፣ የትኛው ጨርቅ እንደሚስማማው፣ ከዚህ በፊት ምን እንደላጠው በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ በሚገባው ቋንቋ መጠየቅ ከማንኛውም ምርመራ ይቀድማል። ከዚያ የደም መጠን ይታያል፤ በከባዱ ዓይነት የልብ ጡንቻም ሊደክም ስለሚችል ልቡ ይመረመራል፤ ጀርባው ላይ ያለው ቆዳ በብርሃን ይታያል።

ወደ አልጋው ራሱ ቢወጣ የተሻለ ነው። ካልቻለ ከሥሩ በተነጠፈው አንሶላ አራት ሰዎች ወደ ላይ ያነሱታል፤ አንሶላው አይጎተትም። አልጋው ላይ ስፌትና ሽብሽብ የሌለው ለስላሳ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ጋቢና ሻካራ ብርድ ልብስ በቀጥታ ቆዳውን አይነኩም። የአሰላ ሌሊትና ማለዳ ቀዝቃዛ ነው፣ ብዙ ቁስል ያለበት ሰውም ሙቀቱን ፈጥኖ ያጣል፤ ስለዚህ ክፍሉን አስቀድሞ ማሞቅ ብርድ ልብስ ከመደራረብ ይመረጣል።

ካኑላ ለማስገባት ክንዱን በማሰሪያ ከማነቅ ይልቅ ረዳቱ በጥጥ በተጠቀለለ ክንድ ላይ በእጁ ቀጥ አድርጎ ይጫናል። ካኑላው ከገባ በኋላ ቫዝሊን የተቀባ ጎዝ ከሥሩ ይደረግና በፋሻ ይጠቀለላል፤ አስፈላጊ ከሆነ በአንድ ስፌት ይያዛል። የኦክስጅን መጠን የሚለካው በጣት ላይ በሚቆነጠጠው መለኪያ ነው፤ ጣት ከተጣበቀ የጆሮ ጫፍ ያገለግላል። የልብ ምት መከታተያዎቹ ተለጣፊ ናቸው፤ የሚጣበቀው ጠርዝ ተቆርጦ መሐሉ ብቻ ቆዳው ላይ ይቀመጥና ሕመምተኛው ይተኛበታል ወይም በፋሻ ይያዛል።

ከውጭ የሚመጣው የሲሊኮን ልባጥ ለዚህ ሁሉ ተመራጭ ነው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። የቫዝሊን ጎዝ፣ ከጀሶ በታች የሚጠቀለለው ጥጥና ለስላሳ ፋሻ ግን አጥንት የሚታከምበት ሆስፒታል ሁሉ የሚይዛቸው ዕቃዎች ናቸው። አብዛኛውን ሥራ በእነዚህ መሥራት ይቻላል።

ቆዳን ማጽዳት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፀረ ጀርሙ አይታሽም፤ ይፈሳል ወይም ይረጫል፣ በራሱ እስኪሠራ ይጠበቃል፣ የተረፈው በንጹሕ ጎዝ መታ መታ እየተደረገ ይነሳል። ብዙ ጊዜ ከጀርባው መርፌ በፊት ቆዳውን ለማደንዘዝ ትንሽ መድኃኒት ከቆዳ ሥር ይሰጣል። በኢቢ ይህ ላዩን የሚሰጠው እብጠት ራሱ ድርቦቹን ሊለያይ ስለሚችል ወይ ጠለቅ ብሎ በጥቂቱ ይሰጣል ወይም ጭራሹን ይቀራል። ሰዎች መርፌን በጠቅላላው ሲፈሩ ኖረው፣ በእውነት ሊፈራ የሚገባው ይህ ትንሹና ላይኛው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ዋናው መርፌ እንደማንኛውም ጊዜ ነው። በአዋቂ ሰው የሕብለ ሰረሰር ጫፍ በአብዛኛው ከወገብ 2ኛ አከርካሪ በታች አይወርድም፤ ስለዚህ መርፌው ከዚያ በታች፣ በ3ኛና 4ኛው ወይም በ4ኛና 5ኛው መካከል ይገባል። ቦታው የሚታወቀው በሁለቱ የዳሌ አጥንቶች አናት መካከል በሚታሰብ መስመር ነው፤ ጣቱ በዚያ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይንሸራተትም። ንጹሕ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ በግሉኮስ የከበደው ቡፒቫኬይን ይሰጣል፤ ለአዋቂ ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይበቃል፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህልም ያገለግላል። የደም ግፊት መውረድ እንደማንም ሰው ይጠበቃል። መርፌው ሲወጣ ቦታው በጎዝ ቀጥ ብሎ ተጭኖ ይያዛል፤ ፕላስተር አይለጠፍም።

ከፊል ማደንዘዣ መረጡ ማለት የሙሉ ሰመመን ዝግጅት ይቅር ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ሳይዝ ሊቀር ይችላል፣ ከሚፈለገው በላይ ከፍ ብሎ ትንፋሽን ሊያዳክምም ይችላል። ስለዚህ ጭንብሉ ጠርዙ በቫዝሊን ተቀብቶ፣ አነስ ያሉ ቱቦዎች ተደርድረው፣ ማን ምን እንደሚያደርግ ተነጋግሮ ነው ወደ ሥራ የሚገባው። የቀዶ ሐኪሙም ድርሻ አለው፤ ደም ለማቆም የሚያገለግለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጭን ላይ የሚለጠፍ ሰሌዳ ስላለው በምትኩ ሰሌዳ የማይፈልገው ባለሁለት ጫፍ መቆንጠጫ ይመረጣል።

ሕመምተኛው ነቅቶ መቆየቱ ራሱ ጥቅም አለው። የተኛ ሰው ክርኑ በአልጋው ጠርዝ እየተፋተገ መሆኑን መናገር አይችልም። የነቃ ሰው ከደነዘዘው ክፍል በላይ ያለውን ሰውነቱን ራሱ ይጠብቃል፣ “ይኸኛው ክንዴን ያዙልኝ” ማለት ይችላል። ከወገቡ በታች ያለው ግን ለሰዓታት ምንም አይሰማውም፤ ተረከዙንና ዳሌውን ሌላ ሰው ሊጠብቅለት ይገባል። ማደንዘዣው እስኪለቅ ድረስ በማገገሚያ ክፍል የሚደርሱ ቁስሎች ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ይልቅ በቀላሉ ይዘነጋሉ።

በስህተት ፕላስተር ከተለጠፈ አይነሳም። በቫዝሊን ወይም በዘይት ተለውሶ በራሱ እስኪለቅ ይተዋል፣ ቀናት ቢፈጅም። አዲስ ውሃ የቋጠረ ቦታ ከታየ በንጹሕ መርፌ ተበስቶ ውሃው ይፈሳል፤ ከላይ ያለው ቆዳ ግን አይገፈፍም፣ ለቁስሉ ከሁሉ የተሻለው ሽፋን እርሱ ነውና። ውሃው ሳይፈስ ከቀረ መለያየቱ ወደ ጎን እየሰፋ ይሄዳል።

የእጅ ቀዶ ሕክምና

ኢቢ ያለባቸውን ሰዎች ወደ ቀዶ ሕክምና ከሚያመጧቸው ነገሮች አንዱ የተጣበቁ ጣቶችን መለያየት ነው። ሥራው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ አይደለም፤ ጣቶቹ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ይጣበቃሉ፣ ስለዚህ በአንድ ሰው ዕድሜ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። እንዲህ ላለው ሰው በየጊዜው በጉሮሮው ቱቦ ከማሳለፍ በብብት ወይም ከማጅራት አጥንት በላይ ባሉት የእጅ ነርቮች ዙሪያ ማደንዘዣ መስጠት ትልቅ እፎይታ ነው።

ዛሬ ነርቮቹ በአልትራሳውንድ እየታዩ ይወጋሉ። የመሣሪያው ጫፍ ቆዳ ላይ እንዳይንሸራተት ጄሉ በብዛት ይደረጋል፣ እጁም በቀላሉ ይያዛል። አልትራሳውንድ መድኃኒቱን በትክክለኛው ቦታ ለማድረስ ስለሚረዳ መርፌው በቆዳው የሚያልፍበትን ጊዜ ወደ አንድ ይቀንሰዋል። ሕመሙ ከሥራው በኋላም ለሰዓታት ስለማይመለስ ልብሱን ለመቀየር የሚደረገው አስጨናቂ ሥራ ይቀልላል።

ሕፃናትና ኬታሚን

አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነቅቶ ጀርባውን ለመርፌ አይሰጥም፤ ቢታገል ደግሞ ትግሉ ራሱ ቆዳውን ያወርደዋል። ለሕፃናት ብዙውን ጊዜ ከፊል ማደንዘዣው የሚሰጠው ከቀላል ማስተኛ ጋር ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚገኘው ኬታሚን እዚህ ላይ ይረዳል፤ ሕመምን ያጠፋል፣ ትንፋሽን በአብዛኛው አያቆምም፣ ቱቦም አይፈልግም። ጉዳቱ ሲነቁ ነው። ከኬታሚን የሚነቃ ልጅ ሊወራጭና እጅና እግሩን ሊያራግብ ይችላል፤ በጤነኛ ልጅ የሚያልፈው ይህ ነገር በኢቢ ልጅ ላይ የቀዶ ሕክምናውን ያህል ቁስል ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይጨመርለታል፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ እናቱም ከመንቃቱ በፊት አጠገቡ እንድትሆን ይደረጋል።

ወሊድ

ኢቢ ያለባት ሴት ሁሉ በቀዶ ሕክምና መውለድ አለባት የሚል ሐሳብ አለ፤ ትክክል አይደለም። ሌላ ምክንያት ከሌለ በማሕፀን መውለድ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም ይመከራል፤ የሆድ ቁስልን ማዳን ለእንዲህ ያለ ሰውነት ተጨማሪ ሸክም ነውና። ቀዶ ወሊድ ሲያስፈልግ ግን የጀርባ ማደንዘዣ ከሁሉ ይመረጣል። በኢትዮጵያ ሪፈራል ሆስፒታሎች፣ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነውን የአሰላ ሆስፒታልን በመሰሉት፣ ቀዶ ወሊድ በአብዛኛው የሚሠራው በዚሁ ማደንዘዣ ስለሆነ የባለሙያዎቹ እጅ ሥራውን ያውቀዋል። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ያስጀመረው የአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና መርሐ ግብርም ሥራውን ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ለማጠናከር የታሰበ ነው።

ሕፃኑም ኢቢ ሊኖርበት እንደሚችል ከታሰበ እትብቱ በፕላስቲክ መቆንጠጫ ሳይሆን በክር ይታሰራል፣ ስሙ የተጻፈበት አምባር እጁ ላይ አይታሰርም፣ በፎጣ አይታሽም፤ በለስላሳ ጨርቅ መታ መታ እየተደረገ ይደርቃል።

ሌሎች ስስ ቆዳዎች

ተመሳሳይ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ሌሎች ሕመሞች አሉ። ፔምፊገስ በዘር ሳይሆን ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ የሚመጣ ውሃ የሚቋጥር በሽታ ነው። ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የወሰዱና በዕድሜ የገፉ ሰዎችም ቆዳ በፕላስተር ይላጣል። በኤለርስ ዳንሎስ ግን ነገሩ ይለያል፤ ቆዳው የሚለጠጥና በቀላሉ የሚቀደድ ሲሆን፣ በአንዳንዶቹ ሕሙማን ላይ ሊዶኬይን የሚጠበቀውን ያህል አያደነዝዝም። ከዚህ በፊት ጥርስ ሲነቀል መርፌው “አልያዘኝም” ብሎ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሰመመን ሰጪው መንገር አለበት።